ማንንም የማይመስል ፊት

የካቲት 3፣ ሰኞ

ፊት ሰጡኝ! አበባ አይደለም፣ ቅጠል አይደለም፣ ሐረግ አይደለም። ፊት!

ተቆጣጣሪው ዛሬ ጠዋት የቤተ ክርስቲያኑ ትልቅ አዳራሽ መሀል አቆመኝና አንገቱን ቆልምሞ ወደ ጣሪያው ጠቆመ። በዓምዶቹ አናት ላይ ዙሪያውን ክንፋቸውን ዘርግተው ከተደረደሩት መላእክት አንዱ ራስ የለውም። ማናችንም ሳንወለድ ጣሪያው አፍስሶ ውሃው ነው ያወረደው ይላሉ። በቀረን አሮጌ ፎቶግራፍ ላይ ራሱ የነበረበት ቦታ ጭስ የመሰለ ነጭ ነገር ብቻ ይታያል።

«ስለዚህ አዲስ ፊት ከራስሽ ታወጫለሽ» አለኝ። «ሕጉ አንድ ነው፤ ማንንም እንዳይመስል። ሌላ ከተማ አንዱ ጀሶ ሠሪ የአማቱን ፊት ሰቅሎ እስከ ዛሬ ይሳቅበታል። ይኼ ከተሳካልሽ በጉልላቱ ላይ የሚታደሱት የመላእክት ራሶች በሙሉ ያንቺ ናቸው። ካልተሳካ ለሌላ ሰው እሰጣለሁ፣ አንቺም ወደ ቅጠልሽ።»

ጉልላቱ! እዚህ ሥራ ከገባሁ ወዲህ ያን ጉልላት ቀና ብዬ ሳላይ የዋልኩበት ቀን የለም። ለማንም ተናግሬ አላውቅም እንጂ ሌላ የምመኘው ነገር የለኝም።

ለእማዬ ስነግራት ከድስቱ ቀና ሳትል፣ «ፊት ሰጡሽ? እንግዲያው አላወቁሽም። አንቺ ፊት ከሰጡሽ ራስ ላይ ነው የምትወጪው» አለች። ዘልዬ ሳምኳት፤ ጭልፋዋ ወደቀ።

የካቲት 5፣ ረቡዕ

ወደ ጣሪያው የምንወጣበትን የእንጨት ርብራብ የሚያቆምልን ሰውዬ ድመት ነው የሚባለው። ጣውላ ላይ ሲሄድ ኮቴው አይሰማም፤ ዘወር ስል ከኋላዬ ቆሞ አገኘዋለሁ። ልቤ ቀጥ ትላለች። ከድንጋጤ ነው።

ዛሬ «በገመድ ልሰረው ወይስ በብሎን?» ብሎ ጠየቀኝ። ሥራው አጭር ከሆነ እንጨቱን በገመድ ያስሩታል፤ ለመፍታት አያስቸግርም። ብዙ የሚቆም ከሆነ ግን በብሎን ያጠብቁታል።

«በገመድ» አልኩት። «እኔ የምጎለት ሰው አይደለሁም።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» አለና ሳቀ። የሚስቀው በአንድ ጉንጩ ብቻ ነው፤ ሌላው ጉንጩ ነገሩ አይመለከተውም። አፍንጫው ደግሞ ድሮ ጣውላ ወድቆበት ወደ ግራ ዘመም ብሏል። እንግዲህ ነፍሴን አደራ የሰጠሁት ለዚህ ሰው ነው።

የካቲት 7፣ ዓርብ

ጉድ! በትልቁ ቅስት ቀኝ እግር ሥር ጀሶ እያቦካሁ ሳለ እትዬ ወርቅ ጆሮዬ ሥር አወሩ። ዘወር ብል የሉም። ለካ ከአዳራሹ ማዶ፣ በቅስቱ ግራ እግር ሥር ሆነው ከቄሱ ጋር ነው የሚንሾካሾኩት። (እትዬ ወርቅ የወርቅ ቅቡን የሚሠሩልን ሴትዮ ናቸው። ስማቸው ሌላ ነው፤ ማንም አያስታውሰውም።) ሹክሹክታው ግድግዳውን ይዞ፣ በቅስቱ ላይ ወጥቶ፣ በዚህኛው በኩል ወርዶ እኔ ጆሮ ገባ። የጥንት ግንበኞች አስበውበት ይሁን ሳያስቡት እንጃ።

የሰማሁት «ይህች ልጅ ሰሞኑን ለብቻዋ ትስቃለች» የሚል ነው። ማንን እንደሆነ አልያዝኩትም።

የካቲት 10፣ ሰኞ ማታ

ዛሬ ሙሉ ቀን ርብራቡ ላይ ዋልኩ። እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ልጻፈው።

ከታች ሲያዩት ይህ ቤት ግርማው ያስደነግጣል። ከላይ ግን ሁሉም ውሸት ነው፤ የሚወደድ ውሸት። ዓምዶቹ ቀጥ ብለው የሚታዩት መሀላቸው ስለ ወፈረ ነው። እብነ በረድ የሚመስለው ግድግዳ ጀሶ ነው፤ ጅማቶቹን አንድ ሰው ተቀምጦ በላባ ስሏቸዋል። በጣሪያው ጠርዝ ላይ የሚጠማዘዘው የወይን ሐረግ ከታች ክር ያክላል፣ እዚህ ግን የክንዴን ያህል ወፍራም ነው። በአንዱ ፍሬ ላይ የድሮ ሠራተኛ አውራ ጣት አሻራ አገኘሁ። የራሴን አውራ ጣት ከትቼ ለካሁት፤ ልክክ አለ። «እንደምን ዋልክ» አልኩት። ጤነኛ አይደለሁም።

መላእክቱ ከቅርብ ሲታዩ አያድርስ ናቸው። ግንባራቸው እንደ መዝጊያ ረዝሟል፣ አገጫቸው ተውጧል። ከዚያ ሁሉ ርቀት ቀና ብሎ ለሚያይ ሰው ፊት ያጥርበታል፤ ስለዚህ ሠሪው አስቀድሞ አስረዝሞ ይሠራዋል። ልክ የሚሆነው ከታች ብቻ ነው። ችግሩ፣ ከጣሪያው ሥር ጣውላ ዳር እስከ ዳር ተነጥፏል፣ ከጣውላው ሥር ደግሞ ለአቧራው ሸራ ተወጥሯል። ወርጄ የሠራሁትን ላየው አልችልም። ርብራቡ ፈርሶ ሸራው እስኪወርድ በእምነት ብቻ ነው የምሠራው። ቦታውስ ለእምነት ይመቻል።

ከሰዓት ድመት ጣውላውን ሊፈትሽ ወጥቶ አጠገቤ ዘለለ። ራሴ ዞረ። ከፍታ ነው።

ሌላ የሚገርመኝ፣ ምሳውን የሚበላው በቅስቱ ግራ እግር ሥር፣ ነፋስ በሚያፏጭበት በር አጠገብ ነው። ስንት ሞቃት ጥግ ሞልቶ! የሰው ጠባይ አይገባኝም።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

ውርደት። እትዬ ወርቅ የስብከት ሰገነቱን ወርቅ እያለበሱ ነበር። የወርቁ ቅጠል ከሽንኩርት ልጣጭ ይሳሳል፤ እሳቸው ሲሠሩ ማስነጠስ ይቅርና መተንፈስ እንኳ ክልክል ነው። እኔና ድመት ጭጭ ብለን በዚያ ስናልፍ ወደ ጆሮዬ ዘንበል አለና፣ «መልአክሽ ገብስ አምጡልኝ እያለ ነው» አለኝ። የፈረስ ፊት አለው ማለቱ ነው።

ፈነዳሁ። ቅጠሉ ከእትዬ ወርቅ ብሩሽ ላይ ተነሣ፣ ተንሳፈፈ፣ እየተገለባበጠ ወርዶ ከሥር ቆመው በነበሩት በቄሱ ነጭ ጢም ላይ ተለጠፈ። ሳያውቁት እስከ ማታ ወርቃማ ጢም ይዘው ዋሉ። ማታ መስታወት ሲያዩ «በመጨረሻ እኔንም አደሳችሁኝ?» አሉ አሉ።

እትዬ ወርቅ ግን አላናገሩኝም። ትክክል ናቸው። ትልቅ ሴት ነኝ፣ ፊት የሰጡኝ ሴት ነኝ፣ እንደ ሕፃን መንከትከት ምን ይባላል? ከነገ ጀምሮ ቁም ነገረኛ እሆናለሁ።

የካቲት 14፣ ዓርብ

አልሆንኩም።

የካቲት 18፣ ማክሰኞ

ችኮላ። ጀሶው እየደረቀብኝ ነው። ትናንት ሳቦካ፣ ለራሴ፣ «ያ መሰላል መያዣ ቢኖረው ምን አለበት» ብዬ አጉረምርሜ ነበር። ዛሬ ጠዋት መያዣ አለው። ተልጎ፣ ለስልሶ። ማንንም አልጠየቅኩም። ድመት ልብ ያውቃል ማለት ነው።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

እማዬ ስለ ማዞሬ ሰምታ ሐኪም ዘንድ ገፍታ ወሰደችኝ። ሐኪሟ ጆሮዬን አየች፣ ዓይኔን አየች፣ በአንድ እግሬ አቆመችኝ። ምንም የለሽም አለች።

«ሲያዞርሽ የት ነሽ?»

«ርብራቡ ላይ።»

«ሁልጊዜ?»

«አይ። ጣውላውን ሲፈትሹ።»

«ማነው የሚፈትሸው?»

ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ እማዬን አየቻት፤ እማዬም አየቻት። መድኃኒት ሳትጽፍልኝ ሸኘችን። እንዲህ ዓይነት ሐኪም!

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

አፍንጫው አስቸገረኝ። ደጋግሜ ቀጥ አደረግሁት፣ ደጋግሜ አፈረስኩት። ቀጥ ሲል የሞተ ነው። ትንሽ ዘንበል ሳደርገው ተነፈሰ። በመስኮቱ በኩል የሚመጣው ብርሃን ስለሚያጣምመው ይመስለኛል። የባለሙያ ውሳኔ ነው።

ጉንጩም እንደዚሁ። መላእክቱ ሁሉ አፋቸውን ገጥመው ቆመዋል፤ የኔው ሊስቅ ያለ ይመስላል። ትንሽ ነው፤ ከታች አይታይም።

ማንንም አይመስልም። ዛሬ በደንብ አየሁት። የማውቀው ሰው ሁሉ ግንባሩ አጭር ነው።

የካቲት 25፣ ማክሰኞ

ትናንት ድመት አልመጣም። ቤቱ ሁሉ ባዶ ሆነ፤ ሠራተኛው ሁሉ እያለ። ጀሶ ሳቦካ «ያ ባለ አንድ ጉንጭ ደግሞ የት ገባ?» ማለቴ ትዝ ይለኛል፤ በቅስቱ ማዶ ከድመት ጓደኞች አንዱ ብቻ ነበር ተቀምጦ የሚበላው።

ዛሬ መጣ። ገና ሰላም ሳልለው «ጥርሴን አሞኝ ነው የቀረሁት» አለ። «ያን አንዱን ጉንጬን።»

አልጠየቅኩህም አልኩት። ከዚያ እስከ ማታ ስዘፍን ዋልኩ።

የካቲት 28፣ ዓርብ

ራሱ አልቋል። ተቆጣጣሪው ወጥቶ ከቅርብ አየው፣ ሥራው ንጹሕ ነው አለ፣ ግንባሩን መታ መታ አደረገው። «ማንን ይመስላል?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ማንንም።»

«መልካም። ርብራቡ ይፍረስ።»

ስንወርድ ድመት ርብራቡ እንደ ፈረሰ ወደ ሌላ ከተማ እንደሚሄድ ነገረኝ። ድልድይ እየተሠራ ነው፤ ረጅም ሥራ ነው። ደስ አለኝ። ድልድይ ጥሩ ነገር ነው። ሰው መሻገር አለበት።

እራት አልበላሁም። በምሳ ጠግቤ ነው።

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ

የመልአኩ ጆሮ ተሰበረ። ለተቆጣጣሪው እጄ አመለጠኝ ብዬ ነገርኩት። ጥቂት ቀን ጨመረልኝ፤ ፊቱ ግን ጠቆረ። «ጉልላቱ ላይም እንዲህ እጅሽ የሚያመልጥ ከሆነ…» ብሎ ተወው።

እጄ አምልጦኝ አያውቅም። ምን ነካኝ? ለምንስ ብዬ ነው በገዛ እንጀራዬ ላይ የምጫወተው?

መጋቢት 4፣ ሐሙስ

ምሳዬን ቤት ረስቼ እማዬ ይዛልኝ መጣች። ከመሰላሉ ሥር ድመት ተቀብሎ አደረሰልኝ። ማታ እንዲህ አለች፦

«ማነው ያ አፍንጫው ዘመም ያለው?»

«የቱ?» አልኳት።

«አፍንጫው ዘመም ያለ ስንት አላችሁ?»

ወሬ ለማስቀየር ስለ መልአኩ ጆሮ፣ እንዴት ሰብሬ እንዴት እንደ መለስኩት አወራኋት። ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «አዬ ልጄ፣ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» አለች። መልአኩ ምን ጆሮ አለውና ነው፤ ጀሶ ነው።

መጋቢት 8፣ ሰኞ

ጣውላው ወርዶ መኪና ላይ ተጫነ። ሸራው ብቻ ቀርቷል፤ እሱን ሐሙስ በፍተሻው ዕለት ከዳርና ከዳር ገመዱን ለቀን እናወርደዋለን።

ድመት ሊሰናበተኝ መጣ። ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክራል። «ሥራሽን ከታች ሆኜ ሳላየው ልሄድ ነው» አለኝ።

ከዚህ በኋላ የተናገርኩትን መጻፍ ያሳፍረኛል። «ምንም አልቀረብህ፤ ማንንም አይመስልም» አልኩት።

ሳቀ። በሁለቱም ጉንጩ፤ አላማረበትም። መኪናው ጥሩምባ ነፋ፣ ሄደ። ኮቴው ሲሄድም አልተሰማም።

ሰው «ደህና ሁን» ይላል። «እንዳትወድቅ» ይላል። እኔ ከደረቀ ጀሶ የባስኩ ደረቅ ነኝ።

መጋቢት 11፣ ሐሙስ

በተራ ልጻፈው።

ሁላችንም አዳራሹ መሀል ቆምን፤ ተቆጣጣሪው፣ ቄሱ፣ እትዬ ወርቅ፣ ሠራተኛው በሙሉ። እማዬም የክት ልብሷን ለብሳ መጣች። ገመዱ ተለቀቀ። ሸራው እየተንከባለለ ወረደ፣ አቧራው ረጋ። ብርሃን በባለ ቀለሙ መስታወት ገብቶ ላይ ድረስ ሄደ። ሐረጉ ክር ሆነ፣ ዓምዶቹ ቀጥ አሉ። ቀና አልን።

ግንባሩ ልኩን ያዘ። አገጩ ወጣ። አፍንጫው ወደ ግራ ዘመመ። አንድ ጉንጩ ሳቀ፣ ሌላው ነገሩ አልተመለከተውም።

ድመት ነው። ድመት ክንፍ አውጥቶ ጣሪያው ላይ ቆሟል።

ከዚያ እማዬ፣ «ውይ! ያ የምሳው ልጅ!» አለች። እትዬ ወርቅ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው፣ «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ሲሉ እሰማ ነበር፤ የዚችን ጀሶ አወጣው!» ብለው ጮኹ። ይህ ቤት ደግሞ ድምፅ አይጥልም፤ የሁሉም ሳቅ ቅስት ለቅስት እየዘለለ እጥፍ ሆኖ ተመለሰ። ቄሱ ወንበር ይዘው ተቀመጡ፣ ጢማቸው ይንቀጠቀጣል። እኔም ሳቅሁ። እያለቀስኩ መሆኔን ያወቅሁት እማዬ መሐረብ ስትሰጠኝ ነው።

እምላለሁ፣ አላወቅሁም። በዚያ ሁሉ ቀን፣ ከአፍንጫው በስንዝር ርቀት ሆኜ፣ አላወቅሁም።

ተቆጣጣሪው ብቻ አልሳቀም። አንገቱ እስኪያመው አየው። «ጉልላቱ ላይ አሥራ ስድስት ራስ አለ» አለኝ። «ይኼንኑ ሰውዬ አሥራ ስድስት ጊዜ ነው የምታሳዪን?»

«አይደለም» አልኩ።

እንደገና ቀና አለ። «ከሁሉም የሚተነፍሰው እሱ መሆኑ ነው የሚያናድደኝ። ሕግ ግን ሕግ ነው። አፍንጫውን ቀጥ፣ ጉንጩን እኩል አድርጊ፤ ሳይሞት ካስተካከልሽው ጉልላቱ ያንቺ ነው። ርብራብ ሠሪውን ከድልድዩ መልሱት።»

ሲበተኑ እትዬ ወርቅ ክንዴን ያዙኝ። ከወርቃማው ጢም ወዲህ ገና አሁን ነው ያናገሩኝ።

«አንቺ ጅል፣ ያ ልጅ ክረምት ከበጋ በዚያ ነፋስ ውስጥ ምሳውን የሚበላው ለምን ይመስልሻል?»

«እንጃ።»

«የኔ ሹክሹክታ ወዳንቺ ከመጣ፣ ያንቺስ ወዴት የሚሄድ መስሎሻል?»

መያዣው። ጥርሱ። በዚያ ጥግ ጀሶ እያቦካሁ ያጉረመረምኩት፣ የዘፈንኩት፣ የሰደብኩት ሁሉ! ጀሶ ባልዲ ውስጥ ራሴን ደፍቼ እስክደርቅ መቆየት አማረኝ።

ናፈቀኝ። ይኸው ጻፍኩት። ከፍታ አይደለም።

መጋቢት 16፣ ማክሰኞ

መጣ። የድልድዩ አቧራ ገና ጫማው ላይ ነው። የመሣሪያ ሳጥኑን ይዞ በግራው የቅስት እግር ሥር አስቀመጠ፤ እኔ በዚህኛው በኩል ጀሶዬ ዘንድ ቆሜ ቀና ማለት አቃተኝ።

«ምን ተበላሸ?» ብሎ ጠየቀ። እትዬ ወርቅ አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። ቄሱ በጣታቸው ወደ ላይ ጠቆሙለት።

ቀና አለ። ከዚያ እጁ ቀስ ብሎ ወጥቶ የራሱን አፍንጫ ነካ።

ወደ ማናችንም ሳይዞር ጉሮሮውን ጠረገ። «በገመድ ልሰረው ወይስ በብሎን?»

«ለአንድ አፍንጫ በገመድ ይበቃል» አለ ተቆጣጣሪው።

ድመት ግን አልተንቀሳቀሰም። ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ በቅስቱ እግር ሥር፣ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብሎ ቆመ።

እኔም ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነው፤ ከንፈሬ እስኪነካው ድረስ ተጠጋሁና፣ ከትንፋሽ በማይበልጥ ድምፅ፣

«በብሎን» አልኩ።

ከማዶ ሳጥን ሲከፈት፣ ብረት ከብረት ሲንኳኳ ሰማሁ።